አንዲት ቃል ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ልጆችም ሆናችሁ እንደ እኔ ያረጃችሁ፣ አፋችሁን ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ውሻ እፈራለሁ፤ መርፌ እፈራለሁ፤ የሚስቴን ዝምታ ደግሞ ከሁለቱም አብልጬ እፈራለሁ። አፌን ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ ፈርቼው አላውቅም ነበር። እንዲያውም እንጀራ ያበላኝ እሱ ነው። እዚህ ጎንደር፣ አራዳ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከአንዲት ዣንጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አርባ ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። «በሬዬን ወሰደብኝ» ብሎ የመጣን ገበሬ አራት ገጽ አስታቅፌ ነበር የምሸኘው። ዳኛው አንብቦ ሲጨርስ ከሳሹ ማን፣ ተከሳሹ ማን፣ በሬው የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል እያሉ የሚያሙኝ አሉ። ሐሜት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሆነው።

ነገሩ የጀመረው እድራችን ውስጥ ነው። የቁስቋም ሰፈር እድር ጸሐፊ እኔ ነኝ። የመረጡኝ ጽሑፌ ስለሚነበብ አይደለም፤ ስብሰባ የማልቀር እኔ ብቻ ስለሆንሁ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ጣራቸው የሚጠገንላቸውን አባላት ስም ቆሜ አነበብሁ። በእድራችን ሦስት ደስታ የሚባሉ ሰዎች አሉ። እንዳይምታቱ ብዬ፣ በጎ አሳቢ ነኝና፣ ለይቼ ጽፌያቸዋለሁ።

«ቀዩ ደስታ፤ ዘበኛው ደስታ፤ አንካሳዋ ደስታ።»

ሦስተኛዋ ደስታ ከኋላ ተነሣች። ምርኩዟን ተደግፋ ቀጥ አለች።

«አያ» አለችኝ፣ «እኔ አባት የለኝም?»

«ምነው ልጄ! አባትሽንማ አውቃቸው የለም? ነፍሳቸውን ይማርና ሸጋ ሰው ነበሩ።»

«ታዲያ የእሳቸው ስም ከእግሬ አንሶ ነው?»

መልስ ፍለጋ ኪሴን ሁሉ ዳበስሁ። መነጽር ነው ያገኘሁት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበራችን አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጠራልን። ወጣት ናት፤ ትሕትናዋ ልክ የለውም። ለየአንዳንዳችን አንድ አንድ ወረቀት አደለችን። በግራ በኩል የማይባለው፣ በቀኝ በኩል የሚባለው ተጽፎበታል። ግራውን ሳነበው የእኔ የዕለት ተዕለት ንግግር ነው፤ አንድ ቃል አልቀረም። የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ እየዞረ ያየኝ ጀመር። እኔም ያኔውኑ ተሳልሁ፦ ከዛሬ ጀምሮ ከወረቀቱ ቀኝ ንቅንቅ አልልም።

እንደ ዳዊት ደገምሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ መብራቱ የጠፋ ሚኒባስ ሲመጣ «ማየት በከፊል የተሳነው ማኪና መጣ» አልሁ። የቤታችን ጠረጴዛ አንድ እግሩ ይነቃነቃልና ሚስቴን «የአካል ጉዳት ያለበት ጠረጴዛ ላይ ሾርባ አታስቀምጪ» ብዬ መከርኋት። ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«ጠረጴዛው ቅር አይለውም» አለች። «ደስታን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሃትም።»

ወረቀት በኪሱ ያለ ሰው ይቅርታ ምን ያደርግለታል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ሄድሁ። ያማረ፣ የተንዛዛ የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ገና መግቢያው ላይ ሳለሁ «ይቅር ብያለሁ አያ፤ ድስቱ አረረብኝ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ሰው ከዚህ አይማርም? ሌላ ሰው ይማር ነበር።

በዚያው ሰሞን የሟች ወንድሜ ልጅ ይበልጣል ቤቴ መጣ። ይበልጣል በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ታሞ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፍተዋል። አሁን እዚሁ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። ነጩን ዘንጉን ይዞ ከአራዳ ቁስቋም ድረስ ዳገቱን ሲወጣ እኔ ከኋላው ሦስት ጊዜ አርፋለሁ። ስልኩ ያነብለታል፤ እንዴት ያለ ጥድፊያ መሰላችሁ፣ ለእኔ ጆሮ ስንዴ ከጆንያ ሲፈስ ነው የሚመስለኝ፤ እሱ ግን ተረድቶ ሌላ መልእክት ይከፍታል።

«አያ» አለ፣ «ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ነው የመጣሁት።»

ልጅቱ ስለናት ትባላለች። እሱ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት። አባቷ አምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ናቸው። ሁለቱ ተስማምተዋል፤ እሷ ግን ቁርጡን ነግራዋለች፦ አባቴ ካልመረቀኝ አላገባም።

«በደስታ!» አልሁ። ሽማግሌ መሆን እወዳለሁ፤ ሰው ሳያቋርጠኝ የምናገርበት ሌላ ቦታ አልቀረልኝማ።

«ግን አንድ ነገር አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ዘመድ ተሰብስቦ ሌላ ቤት ሽማግሌ ልኮልኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ 'ቀስ ብለን እናነሣዋለን' እያሉ የዓይኔን ነገር ሳያነሡት ቀጠሮው ተቆረጠ። የቀለበቱ ዕለት ስገባ የልጅቱ አባት 'አታለላችሁኝ' ብለው ቤታቸውን ጥለው ወጡ። አያ፣ እኔ ያን ቀን ያፈርሁት በዓይኔ አይደለም። እንደ ተሰረቀ በግ በጋቢ ተሸፍኜ መግባቴ ነው ያሳፈረኝ።»

ከእነዚያ ዘመዶች አንዱ እኔ ነበርሁ።

«ስለዚህ አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጀመሪያው አፍዎ፣ ስሜን እንደ ጠሩ፣ ዓይነ ስውር ነው ይበሏቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ዘሬም ስለ ሥራዬም እንደ ልብዎ ያውሩ።»

ወረቀቴን ከኪሴ አወጣሁ። «ቆይ እስቲ፤ እዚህ ላይ ማየት የተሳነው ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ ሸጋ ነው፤ እንደዚያ መባልን የሚወዱም አሉ። እነሱን እንደ ወደዱት ይጥሯቸው። እኔ ዓይነ ስውር ሲሉኝ ነው ደስ የሚለኝ። ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«ባለቤትነቱን የሚያስረዳ ማስረጃ አለህ?» አልሁት። የአርባ ዓመት ልማድ ነው፤ ምን ላድርግ።

ሳቀ። እኔም እሺ አልሁ። እሺ ብቻ አይደለም፣ ማልሁ።

ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ተነሣን። አንዱ የይበልጣል የነፍስ አባት ቄስ ሞላ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም፣ ሲቆሙ ግን ያምርባቸዋል። ሁለተኛው ጡረታ የወጣው ሾፌር ደመቀ ነው፤ በራሱ ማኪና የሚወስደን እሱ ነው። ደመቀ የዚያችን ወረቀት ግራ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ከሰላምታ በላይ አፉን እንዳይከፍት በመስቀል አስምለነዋል። ሦስተኛው የነገሩ አፈ ጉባኤ እኔው ነኝ።

ይበልጣልም አብሮን ተሳፈረ። አግቢ ሽማግሌውን ተከትሎ አይሄድም፤ እሱ ግን «ከተማው ውስጥ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ» አለ። ስላላመነኝ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

መንገዱን ሙሉ አጠናሁ። ዳገቱን ስንወጣ፣ ብርዱ በመስኮት ሲገባ፣ «ይበልጣል ይባላል፤ ዓይነ ስውር ነው» እያልሁ ከአርባ ጊዜ በላይ ደገምሁት። ደመቀ መሪውን ይዞ ከእኔ ጋር ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። ይበልጣል ከኋላ ሆኖ «ይኸው ነው አያ፤ ይችኑ ብቻ» ይለኛል። አምባ ጊዮርጊስ ስንገባ ቃሏ ምላሴ ላይ እንደ ከረሜላ ሟሙታ ነበር።

የስለናት አባት የአያ ታከለ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከገደል አፋፍ ላይ ነው ያለው። ውሻቸው በሩ ላይ ጥጃ አክሎ ተቀበለን። እንደ ምንም አልፈን ገባን። አያ ታከለ ረዘም፣ ከሳ ያሉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው። ሁለት ጎረቤቶቻቸው መደቡ ላይ ዱላቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ሰላምታ ሰጥተውን ከመጋረጃው ኋላ ገቡ። ወንበር ቀረበልን፤ አልተቀመጥንም። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገርና መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምን። እኔም ለመናገር የመጣሁት ጥቂት ቃል ስለሆነ ለጉልበቴ አልሰጋሁም።

«እንግዲህ ተናገሩ» አሉ አያ ታከለ።

«ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል። ልጃችን ይበልጣል ይባላል።»

እዚህ ድረስ ሸጋ ነበር። ቀጥላ የምትወጣው ቃል ተራዋን ይዛ ከጥርሴ ጀርባ ቆማለች። ቀና ስል ግን ሰውየው ትክ ብለው ያዩኛል። ቃሏን ስላት ፊታቸው ቢጠቁርስ? «ውጡ» ቢሉስ? በአርባ ዓመት የጻፍኋቸው ማመልከቻዎች በሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፉ።

«እንግዲህ» አልሁ፣ «የሰው ሙሉ የለም።»

«እውነት ነው» አሉ።

«ፍጹም አንድ እሱ ብቻ ነው።»

«አሜን» አሉ ቄስ ሞላ። በአፋቸው አሜን ይበሉ እንጂ በክርናቸው ጎኔን ወግተውኛል።

«የእኛም ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ነገር አለበት።»

አያ ታከለ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ምን ነገር?»

«ነገር እንኳ አይባልም። አለበት ከማለት የለውም ማለት ይሻላል።»

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ሁሉም አለው! ምን ጎድሎት! ብቻ ያ የምለው ጉዳይ ሳይታሰብ፣ በድንገት የደረሰ ነው። በእሱ ጥፋት አይደለም። ያኔ ልጅ ነበር፤ ምንም አያውቅም።»

ከጎረቤቶቹ አንዱ ዱላውን ወደ ጉያው ሳበ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ለምዶታል። ምንም አይከብደው።»

«ለምዶታል!» አለ ሌላው ጎረቤት፣ ለራሱ።

አያ ታከለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እዚህ አገር ድምፅ ዝቅ ካለ ነገሩ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

«ጌታው» አሉ፣ «ልጃችሁ ደም አለበት?»

ለማያውቅ ልንገር፦ ደም አለበት ማለት ሰው ገድሏል፣ የሟች ወገን ይፈልገዋል ማለት ነው። እንዲህ ላለ ሰው ልጁን የሚሰጥ የለም፤ ሽማግሌ ሆኖ የመጣለትም በጤና ቤቱ መመለሱ ያጠራጥራል።

«ኧረ በሥላሴ! ደምስ የለበትም!»

«ታስሮ ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ሚስት አለችው?»

«የለችውም!»

«ታዲያ ስሙ የማይጠራው ነገር ምንድን ነው?»

«ይጠራል፤ ምነው አይጠራ! ቅደም ተከተሉን እያስያዝሁ ነው እንጂ።»

አያ ታከለ ትዕግሥታቸውን ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ፣ ወደ ወጉ መለሱኝ። «እሺ፤ ልጄን የት አያት?»

ይህ ጥያቄ የትም ቤት የሚጠየቅ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። እኔ ግን ጠበቃ ያቀረበልኝ መስቀለኛ ጥያቄ መሰለኝ።

«አላያትም!» አልሁ።

«ሳያያት ነው ሽማግሌ የላከ?»

«ያውቃታል! ሁለት ዓመት አብረው አስተምረዋል!»

«ሁለት ዓመት አብሯት ውሎ አላያትም?»

በዚህ ጊዜ የደመቀ መሐላ ፈረሰ።

«ኧረ እውር ነው!» ብሎ ጮኸ። «እውር ነው አያ ታከለ! ይኸው ነው! ጉልበታችን አለቀ እኮ!»

ያቺ ከወረቀቱ ግራ በኩል አናት ላይ የነበረችው ቃል፣ ያችው ራሷ፣ መሐል ቤት ወድቃ ተቀመጠች። አያ ታከለ ደመቀን፣ ቀጥሎ ቄስ ሞላን፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

«ሰው አልገደለም?»

«አልገደለም።»

ጎረቤቶቹ ተንፍሰው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። እኔም እፎይ ልል ስል የአያ ታከለ ፊት ያኔ ጠቆረ።

«ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ» አሉ። «አንዲት ፊደል ስስት ከግቢው ማዶ ሆነው ይሰሙኝ ነበር። ዓይነ ስውር ሰው ለእኔ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብኝ የእናንተ ነገር ነው። ዘመዶቹ እንዲህ የሚያፍሩበትን ሰው እኔ ምን ብዬ ለልጄ ልመርቅ? ነገ እሷም ደብቃው ትኑር?»

«አላፈርንበትም! እኔ የፈራሁት ቃሉን ነው።»

«እዚህ ተቀምጬ ስሰማው ልዩነቱ አልታወቀኝም።»

አርባ ዓመት ክርክር ስጽፍ ለእንዲህ ያለው መልስ ጽፌ አላውቅም። ያ ልጅ ለምኖኝ፣ እኔም ምዬለት፣ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ነገር በገዛ አፌ ደገምሁበት።

«ልጁ ራሱ የት ነው ያለ?»

«ከተማው ውስጥ፣ ሻይ ቤት።»

«ደውሉለት። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ልስማ።»

ደመቀ ደወለ፤ ድምፁንም ከፍ አደረገው።

«ሃሎ፤ አያ፣ ጨረሳችሁ?» አለ ይበልጣል።

«ታከለ ነኝ፣ የስለናት አባት።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ ተነሥቶ መቆሙ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ይበልጣል እባላለሁ። የታሪክ መምህር ነኝ። ዓይነ ስውር ነኝ። ሽማግሌዎቼ ነግረውዎታል፤ አይደል?»

አያችሁ? በአንድ ትንፋሽ! እኔ እዚያ ለመድረስ ሰው ገዳይ አድርጌው፣ ሁለት ሚስት ላጋባው ምንም አልቀረኝም ነበር። ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬቱ ቢሰነጠቅልኝ ስጦታ ነበር።

አያ ታከለ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ «ነግረውኛል» አሉት። «ሳይቀመጡ ነው የነገሩኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ!»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤቴ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ መንገዱም መንገድ አይባልም። ስትመጣ እንዴት ትሆናለህ?»

«አንድ ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር ከተመላለስሁ መንገዱን እይዘዋለሁ። ስለናት ግን ውሻ አለን ብላኛለች፤ እሱ ነው ያሳሰበኝ።»

«እሱንማ እኔም እፈራዋለሁ።»

«እንግዲያው ከውሻው ጋር ሁለታችንንም የሚያስታርቅ ሽማግሌ እንፈልግ።»

ከመጋረጃው ኋላ የሴት ሳቅ ሾልኮ ወጣ። አያ ታከለም ስልኩ ሲዘጋ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑት፤ እየሳቁ ይሁን እየተቆጡ መለየት አልቻልሁም።

«ዛሬ መልስ አልሰጥም» አሉ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ኑ። ልጁም ይምጣ። አግቢ መምጣቱ ወግ አይደለም፤ አውቃለሁ። ወግ ዐዋቂዎቹን ግን ዛሬ አየናቸው።»

ስንመለስ ይበልጣል ደስታው ማኪናውን ሞላው። «አያ፣ ያክብርልኝ! በመጀመሪያው አፍዎ አሉልኝ ማለት ነው!» ቄስ ሞላ በመስኮት የገብሱን ማሳ ይመለከቱ ጀመር። ደመቀ ሳል ያዘው። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ማንም ሊያሳጣኝ አልፈለገም። ቁልቁለቱ እስኪጀምር ድረስም ዝም አልሁ።

«ይበልጣል፣ አላልሁም» አልሁ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ቃሏን። ሁሉንም አልሁ፤ እሷን ብቻ አላልሁም። ሰውየው ደም አለበት ወይ ብለው እስኪጠይቁኝ ድረስ።»

አንድ ሳላስቀር ነገርሁት። ሳቁን ጠበቅሁ፤ አልሳቀም።

«እንደገና ሸፈናችሁኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንዳይከፋህ ፈርቼ ነው።»

«አያ፣ ዓይነ ስውር መሆኔን እኮ ከእርስዎ አይደለም የምሰማው። አውቀዋለሁ። ቃሉንም የነገርሁዎ እኔው ነኝ። እርስዎ የፈሩት የእኔን መከፋት አይደለም፤ የእነሱን ፊት ነው።»

«እውነትህን ነው» አልሁ። በሕይወቴ እንዲህ አጭር መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ይበልጣል ዘንጉን እያገላበጠ፣

«ለመሆኑ ስንት ሰው ገደልሁ?» አለኝ።

«ቁጥሩ ላይ አልደረስንም ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄስ ሞላ ናቸው። ከዚያ በኋላ ደመቀ ማኪናውን ዳር ላይ ማቆም ግድ ሆነበት።

እሑድ ደረሰ። ውሻው ታስሮ ጠበቀን። ድሮ እኔ ይበልጣልን እጁን ይዤ እጎትተው ነበር፤ አሁን ክርኔን እሱ ያዘ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ፤ እንደዚህ ነው የሚሻለኝ ብሎ ነግሮኛልና። እንደ ወጉ ገብተን ቆምን። ጎረቤቶቹ ቀደም ብለው መጥተው ቦታ ይዘዋል፤ እኔን ለመስማት እንደመጡ ያስታውቃሉ።

«እንግዲህ ተናገሩ» አሉ አያ ታከለ፣ ወደ እኔ እያዩ።

«ይህ ይበልጣል ነው። የወንድሜ ልጅ ነው። የታሪክ መምህር ነው። ዓይነ ስውር ነው። ስለናትን ለማግባት አባቷን ሊለምን መጥቷል።»

ሰው ሁሉ ቀሪውን ጠበቀ። ቀሪ አልነበረም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

አያ ታከለ ለሁለት ሳምንት ያዘጋጁት ተግሣጽ ሳይኖር አልቀረም፤ የሚያሳርፉበት ቦታ አጡ። ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ሰማሽ ወይ፣ ዘርፌ?»

መጋረጃው ተገለጠ። «እኔማ የሰማሁት ዓምና ነው» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «ለሕክምና ጎንደር የወረድሁ ጊዜ ልጅቱ አገናኝታኛለች። ምሳ ጋብዞኛል፤ ሲጫወት ሸጋ ነው።»

«ዓምና! ምነው ታዲያ ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«ሽማግሌ ይንገረው ብዬ ነዋ! ወጉ እሱ አይደለም? የባለፈው ዕለት እኚህ ሰውዬ ሽፍታ አድርገው ሲያቀርቡት እዚህ ውስጥ ነጠላዬን ነክሼ ነው የቆየሁት።»

ጎረቤቶቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። አያ ታከለ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ለካ እዚህ ቤት ውስጥ እውሩ እኔ ነኝ!»

«የለም፣ አያ ታከለ» አልሁ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። «አንቱ ያልተነገረዎ ሰው ነዎት። ዓይነ ስውሩ እሱ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ጨበጡ። በሰው ቤት፣ ልጃቸውን ልለምናቸው የመጣሁትን ሰው አፋቸውን አረምሁ፤ በገዛ እጄ ነገሩን ገደል ሰደድሁት ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። አጠገቤ ግን ይበልጣል ክርኔን ይዞ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያ ሳቅ ከቁስቋም ጀምሮ ከሰማሁት ሳቁ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

አያ ታከለ ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«እውነት ነው» አሉ። «የሰው ስም ለስድብ ወሰድሁ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ አባቴ።»

«ልጄንም ሰጥቻለሁ። በሉ፣ ተቀመጡ» ብለው ወንበሩን በጣታቸው አመለከቱ። ወዲያው የተዘረጋ ጣታቸውን አዩት፤ አጠፉት፤ ከመደቡ ተነሥተው መጡና የይበልጣልን እጅ ከእኔ ክርን አንሥተው በራሳቸው ክንድ ላይ አኖሩት።